መዳቡን ልቀቁት

የአረጋውያን መርሳት ዝገት ነው የሚል እምነት ከከተማ ወደ ገጠር እየወረደ ነው። ማዕድን አንጎል ውስጥ ይጠራቀማል፣ አንጎልን ያዝገዋል፤ ስለዚህ ወይ ማዕድኑን አስወጣ፣ ወይ ዝገት የሚከላከል ነገር ዋጥ። ይህን በስልክ የሚዞረው ቪዲዮ ይናገረዋል፤ የሽፈራው ዱቄት አዟሪ ይናገረዋል፤ ከውጭ ሀገር ደውሎ «እናቴን በአሉሚኒየም ድስት የተሠራ ወጥ እንዳታበሉብኝ» የሚል ልጅ ይናገረዋል። ሌላው ልጅ ደግሞ የመዳብ ኩባያ ገዝቶ ይልካል፤ ውሃ አሳድረው ማለዳ ቢጠጡበት አእምሮን ያጠራል ተብሎ። አንዱ ማዕድን ከቤት ያስወጣል፣ ሌላው ያስገባል፤ ሁለቱም በአንዲት እናት ላይ።

ክርክሬ ከዚህ እምነት ጋር ነው። መዳብ ከአልዛይመር በሽታ ጋር ጉዳይ የለውም ልል አይደለም። አለው፤ ሠላሳ ዓመት ያህል ተጠንቷል። ጥናቱ ያደረሰን ቦታ ግን ሻጩ ከሚለው ጋር አይገጥምም። ከሰበታ አልፎ በጅማ መንገድ ላይ፣ ተፍኪ ውስጥ ለሚኖሩ አንዲት እናት ሲሆን ደግሞ ምክሩ ጭራሽ አድራሻውን የሳተ ነው።

የተቃራኒዬን ሐሳብ በሙሉ ጉልበቱ ላስቀምጠው፤ ደካማውን መርጦ መምታት ለማንም አይከብድምና። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 ከመቶ ገደማ ሆኖ ሳለ ሰውነት ከሚጠቀምበት ኦክሲጅን 20 ከመቶ ያህሉን ለብቻው ይወስዳል። ሴል ኦክሲጅንን ወደ ጉልበት ሲቀይር ሁልጊዜ ጥቂት ያመልጠዋል፤ ያመለጠው ሱፐርኦክሳይድ፣ ቀጥሎም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይሆናል። እዚህ ላይ ማሰሪያ የሌለው ብረት ወይም መዳብ ከተገኘ፣ ፐርኦክሳይዱ ይሰነጠቅና ያገኘውን ሁሉ የሚያጠቃ ሃይድሮክሲል ራዲካል ይወጣል። ብረትና ፐርኦክሳይድ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ኬሚስቱ ሄንሪ ፌንተን በ1894 ጽፎታል (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአንጎል ሴል ሽፋን በቅባት የተሞላ ነው፤ ቅባት ደግሞ ለዚህ ጥቃት ቶሎ እጅ ይሰጣል። ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የሚባለው ይህ ነው፤ በአልዛይመር በሞቱ ሰዎች አንጎል ውስጥም አሻራው በግልጽ ይታያል።

የመዳቡ ክስ ከዚህ ይነሳል። በ1998 የታማሚዎችን አንጎል የመረመሩ ተመራማሪዎች አሚሎይድ ቤታ የሚባለው ፕሮቲን ተጠራቅሞ በሚሠራው ቋጠሮ ውስጥ መዳብ፣ ዚንክና ብረት ታጭቀው አገኙ። በዓመቱ የአውስትራሊያዊው አሽሊ ቡሽ ቡድን ይህ ፕሮቲን ከመዳብ ጋር ሲጣበቅ ራሱ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እንደሚያመርት አሳየ። በ2003 ላሪ ስፓርክስና በርናርድ ሽሮርስ ኮሌስትሮል የበዛበት መኖ ለሚበሉ ጥንቸሎች በሊትር 0.12 ሚሊግራም መዳብ ያለበት ውሃ አጠጡ፤ የጥንቸሎቹ አንጎል ቋጠሮ አበዛ፣ ትምህርት መቀበልም ከበዳቸው። በ2006 ደግሞ በቺካጎ አረጋውያን ላይ የተደረገ ጥናት የረጋ ቅባት አብዝተው ከሚበሉት መካከል ብዙ መዳብ የሚወስዱት ሰዎች አእምሮ ፈጥኖ እንደሚዳከም ዘገበ። ይህን ያነበበ ሰው መዳብን ቢፈራ አልፈርድበትም።

ሆኖም ያው መዳብ ከመከላከያው ወገንም ቆሟል። ሱፐርኦክሳይድን የሚያከሽፈው ኢንዛይም፣ ጆ ማክኮርድና ኧርዊን ፍሪዶቪች በ1969 ሥራውን ያሳወቁለት ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ፣ በዋነኛ ዓይነቱ መዳብና ዚንክ ካላገኘ አይሠራም። ሴል ኦክሲጅንን የሚጠቀምበት የመጨረሻው ኢንዛይም ውስጥም መዳብ አለ። ሜንክስ በሚባል የዘር በሽታ ተይዘው መዳብን ከአንጀት ወደ ሰውነት ማሳለፍ የማይችሉ ሕፃናት አሉ፤ ጸጉራቸው እንደ ሽቦ ይጠማዘዛል፣ የሚጥል በሽታ ይነሳባቸዋል፣ አብዛኞቹ ገና በሕፃንነታቸው ይሞታሉ። አዛጊ የተባለው ማዕድን ሲጠፋ የሚመጣው ይኸው ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ሻጩ የማይነግራችሁ ነገር አለ። በ2011 ቀደም ያሉ ጥናቶችን ደምሮ የመረመረ ሥራ በአልዛይመር ታማሚዎች አንጎል ውስጥ ያለው ጠቅላላ መዳብ ከጤነኞቹ ያነሰ ሆኖ አገኘው። አልበዛም፤ አንሷል። በጣሊያን ሮዛና ስኩዊቲ የመራቻቸው ጥናቶች ደግሞ ከታማሚዎቹ በከፊሎቹ ደም ውስጥ ከተሸካሚው ፕሮቲን ጋር ያልታሰረ መዳብ ከፍ ብሎ እንደሚገኝ ያሳያሉ። ደም ውስጥ ልቅ፣ ቋጠሮው ላይ ክምር፣ ሴሉ ውስጥ እጥረት። የተፍኪ ገበሬ ይህን ለመረዳት ኬሚስትሪ አያስፈልገውም። ክረምት አዋሽ ሲሞላ የበቾ ሜዳ ይዋጣል፣ ማሳው ሐይቅ ይመስላል፤ የካቲት ላይ ያው ጥቁር አፈር እግር እስኪያስገባ ተሰነጣጥቆ ለከብት የሚሆን ውሃ ይጠፋል። ውሃ በዛ ብሎ ሜዳውን ለዘለዓለሙ የሚያደርቅ፣ ወይም ውሃ አነሰ ብሎ በነሐሴ ተጨማሪ የሚለቅ መሐንዲስ ቢመጣ ሰፈሩ በሙሉ ይስቅበታል።

መዳብ አውጡ ባዮቹና መዳብ ጨምሩ ባዮቹ ያደረጉት ግን ይህንኑ ነው፤ ሁለቱም ተሞክረዋልና ውጤቱ በእጃችን ነው። በ2002 ጣሊያን ውስጥ መዳብን ከሰውነት የሚያወጣ ዲ-ፔኒሲላሚን የተባለ መድኃኒት ለአልዛይመር ታማሚዎች ተሰጠ፤ በደማቸው ውስጥ የሚለካው ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ቀነሰ፣ በሽታው ግን ጉዞውን ቀጠለ። በ2014 መዳብና ዚንክን ከቋጠሮው ላይ አንስቶ ወደ ሴሉ ይመልሳል የተባለው ፒቢቲ2 ትልቅ ተስፋ ተጥሎበት ሳለ በሙከራው የታለመለትን ሳያሳካ ቀረ። በተቃራኒው፣ በ2008 ውጤቱ የታተመ የጀርመን ሙከራ ለታማሚዎች በቀን 8 ሚሊግራም መዳብ ለ12 ወራት ሰጠ፤ ለአዋቂ በቀን የሚመከረው 0.9 ሚሊግራም ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። አልጎዳም፣ አልጠቀመም። በጣም የሚያስደነግጠው የ2024ቱ ነው፤ በመዳብ ሳይሆን በወንድሙ በብረት ላይ የተደረገ። ዴፈሪፕሮን የተባለ ብረት አውጪ መድኃኒት ከአንጎል ብረት በእርግጥ ቀነሰ፤ መድኃኒቱን የወሰዱት ታማሚዎች ግን ካልወሰዱት ይልቅ ፈጥነው ተዳከሙ። ማዕድን ማውጣት አእምሮን ያድናል ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ ከየት ይመጣል?

አንቲኦክሲዳንቱስ? እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን አለብኝ። በ2014 በ613 የአሜሪካ ጦር ጡረተኞች ላይ የተደረገ ሙከራ ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ኢ በሽታው የጀመራቸውን ሰዎች የዕለት ተዕለት አቅም መቀነስ በተወሰነ ደረጃ እንዳዘገየ አሳይቷል። ይህ እውነት ነው፤ ሻጮቹም የሚጠቅሱት እሱን ነው። በሽታውን ይከላከላል ወይ ተብሎ ከ7,500 በላይ ወንዶች ላይ ለዓመታት የተሞከረው ቫይታሚን ኢና ሴሊኒየም ግን በ2017 በወጣው ውጤት ምንም አልከለከለም። ከዚያ በፊት፣ ይህን ሙከራ በወለደው ትልቁ ጥናት፣ ቫይታሚን ኢ የወሰዱ ወንዶች ላይ የፕሮስቴት ካንሰር በ17 ከመቶ ጨምሮ ተገኝቷል። «ቢያንስ አይጎዳም» የሚለው አባባል በየፋርማሲው ባንኮኒ ላይ ሲነገር በሰማሁ ቁጥር ይህ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

አሁን ከባዱን ተቃውሞ ላንሳ። «ጓያን ረሳኸው ወይ?» ይሉኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ተፍኪም ጓያ የሚያውቅ ሀገር ነው፤ የክረምቱ ውሃ ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ሽንብራ፣ ምስርና ጓያ ይዘራበታል። ጓያ ውስጥ ያለው መርዝ ነርቭ ነክቶ ሰው ያሽመደምዳል፤ የመርዙ አንዱ የጉዳት መንገድም ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ነው። ነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት በደምቢያና በፎገራ ሽባነቱን ሲያጠኑ ገበሬው ጥፋቱን የሚጥለው በሚቀቀለው ጓያ እንፋሎት ላይ እንደነበር መዝግበዋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደላንታ ዳውንት ላይ ወረርሽኝ ሲነሳ ያጠኑት ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው ደግሞ ጓያውን ከእህል ጋር ቀላቅለው የበሉ፣ በሽንኩርትና በዝንጅብል በመሳሰለ ቅመም ወጥ አድርገው የበሉ ሰዎች ብዙም እንዳልተጎዱ፣ ቆሎውንና ንፍሮውን የተመገቡት ግን በርትቶ እንደመታቸው አሳዩ። እነሆ፣ ምግብ ነርቭ አቃጠለ፤ እነሆ፣ ቅመሙ መከተ። ታዲያ በመዳብ ለምን አይሆንም?

ምክንያቱም የጓያው ነገር የታወቀ አንድ መርዝ አለው፣ የታወቀ መጠን አለው፣ የታወቀ ጊዜ አለው። ድርቅ ይመጣል፣ ሌላው እህል ይጠፋል፣ ሰው ለወራት ጓያ ብቻ ይበላል፣ በዚያው ወቅት ጎልማሳው በአንድ ሳምንት ውስጥ እግሩ ይያዛል። የሚጎዳው በአብዛኛው ወጣት ወንድ ነው። ምክንያትና ውጤት በአንድ መንደር፣ በአንድ ዓመት ይታያሉ። አልዛይመር እንዲህ አይደለም፤ የአሚሎይዱ ቋጠሮ መርሳቱ ከመታየቱ አሥራ አምስት፣ ሃያ ዓመት አስቀድሞ ይጀምራል፣ የዘር ድርሻ አለው፣ የደም ሥር ድርሻ አለው። ቅመሙ ደላንታ ላይ የጠቀመው መርዙ ገና ሰሃኑ ላይ እያለ ነው። ሰባ ዓመት የኖረ አንጎል ላይ በማንኪያ ዱቄት ያንኑ መጠበቅ ከጓያው ታሪክ ያልተማረ ሰው ሥራ ነው። ደግሞ ያ እንፋሎት! ያን ጊዜ ገበሬው ጥፋቱን በእንፋሎቱ ላይ ጣለ፤ ዛሬ እኛ በድስቱ ላይ እንጥላለን።

መዳብ በእርግጥ መርዝ የሚሆንበት በሽታም አለ፤ ፊቱ ግን ሌላ ነው። ሳሙኤል ኪኒየር ዊልሰን በ1912 የገለጸው፣ ጉበት መዳብን ማስወገድ ሲያቅተው የሚመጣው በሽታ በአብዛኛው ልጆችንና ወጣቶችን ይይዛል፤ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ንግግር ያኮላትፋል፣ የዓይን ብሌን ዙሪያ ቡናማ ቀለበት ያበጃል። መዳብ በማውጣት ይታከማል፣ ብዙዎችም ይሻላቸዋል። ይህ መልካም ዜና ሆኖ ሳለ አልዛይመር ላይ ተለጥፎ መሸጡ ነው የሚያናድደው።

የመዳቡ ፍርሃት ራሱ ደግሞ ከውጭ የመጣ ነው። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዊልሰን በሽታን ለረጅም ዘመን ያከመው ጆርጅ ብሩወር በሀብታም ሀገሮች አልዛይመር የበዛው ከቤት የመዳብ ቧንቧ በሚሟሟው መዳብና በቫይታሚን ክኒኖች ምክንያት ነው ሲል ተከራክሯል። ልክ ነው ብለን እንቀበለው። ተፍኪ ውስጥ የመዳብ ቧንቧ ያለው ቤት የቱ ነው? ውሃ የሚመጣው በፕላስቲክ ወይም ዚንክ በተቀባ የብረት ቧንቧ፣ ከዚያም በቢጫው ጀሪካን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 2 ሚሊግራም ነው፤ ከዚያ የሚያልፍ ውሃ ብዙውን ጊዜ ከመዳብ ዕቃ ወይም ቧንቧ የሚመጣ ነው፤ ለአእምሮ ተብሎ የተገዛው ኩባያ ደግሞ ውሃ የሚያድርበት ራሱ መዳብ ነው! የአፈሩን ነገር ካነሳን ደግሞ በ2012 የተጀመረው የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት ካርታዎችና ከዚያ በፊት የነበሩ ጥናቶች በብዙ የሀገራችን ማሳዎች የመዘገቡት የመዳብ እጥረትን ነው። ሌሎች የተረፋቸውን ፈርተው የጻፉትን እኛ ያነሰንን ይዘን እናነበዋለን። (የአሉሚኒየሙ ፍርሃትም በ1965 ጥንቸል አንጎል ውስጥ ከተወጋ የአሉሚኒየም ጨው ተነስቶ ነው ድስታችን ድረስ የመጣው። ከቁርጥራጭ ብረት ቀልጦ የሚሠራ ድስት እርሳስ ሊለቅ እንደሚችል ግን ካሜሩን ውስጥ ታይቷል፤ ያ ሌላ ክርክር ነው፣ ምናልባትም ከዚህኛው የሚበልጥ።)

እውነተኛው ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የት እንዳለ ማየት የሚፈልግ ሰው ከተፍኪ ወጣ ብሎ አንድ ማድ ቤት ይግባ። እኔ የገባሁበት ጣሪያው በጥላሸት ወዝቷል፤ መስኮት የለውም፤ ዛፍ የጠፋበት ሜዳ ነውና ምጣዱ ሥር የሚነደው ኩበት ነው። የቤቱ እመቤት አክንባሎውን ባነሱ ቁጥር ጭሱ በእንፋሎቱ ታጅቦ ፊታቸው ላይ ይወጣል፤ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ይጋግራሉ። እጃቸው ላይ ለቁርጥማት ያሰሩት የመዳብ አምባር አለ፤ ግድግዳው ላይ በፌስታል የተንጠለጠለ አረንጓዴ ዱቄት። «ለአእምሮ ነው ብሎ ልጄ ነው የላከልኝ፤ አሁንማ ያስቀመጥኩትን አላገኝ» አሉኝ። አምባሩን ማንም አይንካባቸው። ዱቄቱም ሽፈራው ነው፣ እንደ ጎመን ይብሉት። ግን ሴትዮዋ ከልጅነታቸው ጀምሮ ምጣድ ሥር የሳቡት ጭስ ሳምባ አልፎ ደም የሚገባ ደቃቅ ብናኝና ራዲካል የተሸከመ ነው። ከኢትዮጵያ ቤተሰብ ከ90 ከመቶ በላይ የሚሆነው ምግቡን የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበት ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2024 ሪፖርቱ የመርሳት በሽታን ከሚያባብሱና ሊቀነሱ ከሚችሉ 14 ምክንያቶች አንዱ አድርጎ የአየር ብክለትን አስቀምጦታል። በዝርዝሩ ውስጥ መዳብ የለም።

የቀሩትንም እዩአቸው። የደም ግፊት፣ ስኳር፣ የመስማት ችግር፣ ያልታከመ የዓይን ችግር፣ የትምህርት ማነስ፣ ብቸኝነት። ኮሚሽኑ እንደሚለው እነዚህ 14ቱ ሁሉ ቢወገዱ በዓለም ከሚገኘው የመርሳት በሽታ 45 ከመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር። በ2015 በተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂዎቻችን 16 ከመቶ ገደማው የደም ግፊት ነበረበት፤ አብዛኛው ሳያውቀው። በ2006 ይፋ የሆነው ሀገር አቀፍ የዓይን ጥናት ደግሞ ከዓይነ ስውርነታችን ግማሹን ያህል ያመጣው የዓይን ሞራ ግርዶሽ መሆኑን አሳይቷል፤ በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚነሳ ነገር ነው። የማያዩና የማይሰሙ እናት ከሰው ጨዋታ ይወጣሉ፤ ከጨዋታ የወጣ አንጎል ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሳይንቲስት መሆን አያስፈልግም። ሰበታ በመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤቷ ስንት ዘመን የታወቀች ከተማ ናት፤ በአጠገቧ ያሉ አሮጊት ግን ሞራቸው ሳይገፈፍ የማስታወሻ ዱቄት ይላክላቸዋል።

«ታዲያ እርጅና ነው ብለን እንተወው?» የሚል ይኖራል። እሱም ያው ስንፍና ነው፤ ጃጅተዋል ማለትና ዝገዋል ማለት ሁለቱም ጥያቄውን ይዘጋሉ። አሎይስ አልዛይመር በ1901 ፍራንክፈርት ውስጥ የመረመራት፣ በ1906 ለሥራ ባልደረቦቹ ታሪኳን ያቀረበላት አውጉስተ ዴተር ሆስፒታል ስትገባ 51 ዓመቷ ነበር። አልጃጀችም፤ ታማ ነበር። በተቃራኒው ደግሞ የሚረሳ ሁሉ አልዛይመር የለበትም። የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ሰው ይረሳል፣ ይደነዝዛል፤ እንቅርት በበዛበት ደጋ ይህ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ነው። ቫይታሚን ቢ12 ሲጎድል ይረሳል። ድብርት መርሳት ይመስላል። ከወራት በፊት ወድቀው ጭንቅላታቸውን የተመቱ አባት አንጎላቸው ላይ ቀስ ብሎ የሚፈስ ደም ይኖር ይሆናል፤ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ለእንቅልፍ ወይም ለአለርጂ ተብሎ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚገዛ ክኒን ራሱ ያስረሳል።

እነዚህን አንድ በአንድ የሚጠይቅ ሰው ነው ተፍኪ ላይ የጎደለው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት የተጀመረው በ2006 ነው፤ ሐኪሞቹ ጥቂት ናቸው፣ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ናቸው። በየቀበሌው ቤት ለቤት የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ግን አለች፤ የምትጠይቀው በአብዛኛው ስለ እርግዝና፣ ስለ ክትባትና ስለ መጸዳጃ ነው። ጓዳ ውስጥ የተቀመጡትን አረጋዊት ግፊት እንድትለካ፣ «ዛሬ ቀኑ ማን ነው? ማን ነው ከእርስዎ ጋር የሚኖረው?» ብላ እንድትጠይቅ፣ መልሱ ካልጣማት ሰበታ እንድትልክ ማሠልጠን ከባድ አይደለም። ከውጭ ሆኖ ገንዘብ የሚልከው ልጅም የዱቄቱንና የኩባያውን ዋጋ ለታይሮይድና ለቢ12 የደም ምርመራ፣ ለእናቱ ትራንስፖርትና አብሯቸው ለሚሄድ ሰው ይላክ። ምርመራው ሰበታ ካልተገኘ አዲስ አበባ ይገኛል።